ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር

በመጀመሪያ በደሉ ይጻፍ። ግርማ የሚባል መካኒክ፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ በእጄ የፋቅሁትን የሞተር ብሮንዚና «በእጅ ፍቆ የገጠመ፦ ግርማ» ብሎ በትልቅ ሰሌዳ አስጽፎ ሕዝብ ፊት አቆመው። ብሮንዚና ማለት የሞተሩ ትልቅ ዘንግ ተኝቶበት የሚሽከረከር ለስላሳ ነጭ ብረት ነው። እሱ ከተበላሸ ሞተር የለም።

«እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ስም ምን ያደርግልዎታል?» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። በዚህ ዕድሜዬማ ሌላ ምን ቀርቶኛል? ታሪኩን ግን ከነጥፋቴ ነው የምጽፈው። ጥፋት እኔም ዘንድ ነበረ።

ያኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የድሮ መኪኖች የሚታደሱበት ጋራዥ አለ፤ እዚያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት አጸዳ ነበር። የልጅ ልጄ ሜሮን ኮሌጇ በዚያው በኩል ስለሆነ፣ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ዞረን ድልድዩን ተሻግረን ጋራዡ በር ላይ ጥላኝ ትሄዳለች። ሜሮን እዚሁ የተወለደች ናት። አማርኛዋን ከእንግሊዝኛ ጋር ለውሳ ነው የምታወራው፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚያውቁኝ በመጥረጊያዬ ነው። አባቴ ወሊሶ ላይ ወፍጮ ቤት እንደነበራቸው ማንም አያውቅም። እኔም አልተናገርኩም፤ ማን ጠይቆኝ? የወፍጮው ሞተር ብሮንዚና ባለቀ ቁጥር መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሕዝቡ እህሉን ይዞ ይመለስ ነበር። አባቴ ይህ ሲያንገበግባቸው ነጩን ብረት ራሳቸው አቅልጠው ማፍሰስ ተማሩ። የፈሰሰውን በልኩ መፋቅ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አባቴ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረባቸውም። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ የብረት መፋቂያው እኔ እጅ ገባ። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ እስክዳር ድረስ ፋቅሁ። ባሌ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መፋቂያ ነክቼ አላውቅም።

መኪናዋ የመጣችው መጋቢት ላይ ነው። ባለቤቷ ሚስስ ኖራ የሚባሉ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናቸው። ከአያታቸው ወደ አባታቸው፣ ከአባታቸው ወደ እሳቸው የወረደች ናት። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ለባለጸጋ የተሠራች፣ ጣሪያ የሌላት፣ መብራቷ ናስ፣ መቀመጫዋ ጥቁር ቆዳ። ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ኋላ እግሯ የሚያደርሰው እንደ ብስክሌት ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ግን የእጄን አንጓ ያህል ይወፍራል። ሲሊንደሯ አራት ብቻ ነው፤ አንዱ ግን የጠላ ማሰሮ ያህላል። የምትነሳው ከፊት በእጅ በሚዞር ማኖቬላ ነው። ናሷን የወለወልኩት እኔ ስለሆንኩ እያንዳንዷን ብሎን በስም አውቃታለሁ ብል አልዋሸሁም።

አንድ ቀን ሚስስ ኖራ አንድ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ሜሮን ልትወስደኝ መጥታ ስለነበር አስተረጎመችልኝ። ለካ ይቺ መኪና ጌጥ ብቻ አልነበረችም። በአፈር መንገድ ላይ፣ አቧራ እየዋጠች፣ የሌሎችን መኪኖች አፍንጫ ስትሰብር የኖረች ናት። በዚያን ጊዜ እሽቅድምድም ላይ ሁለት ሰው ይቀመጥ ነበር። አንዱ ይነዳል። ከጎኑ ያለው መካኒኩ ነው፤ ነዳጁ ከኋላ ወደ ሞተሩ እንዲገፋ በእጅ ፓምፕ አየር ይነፋል፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፣ ከኋላ የሚቀድም ከመጣ የነጂውን ትከሻ ይመታል። መኪናው ከተገለበጠም አብሮ ይገለበጣል።

ፎቶው ላይ መሪውን የያዙት የሚስስ ኖራ አያት ናቸው። ከሥሩ ሙሉ ስማቸው ተጽፏል። ከጎናቸው ፊቱ በዘይት የጠቆረ ሰው አለ። ከሥሩ «መካኒክ» ብቻ ይላል።

«ስሙ ማን ነው?» አልኩ።

«አይታወቅም ትላለች» አለች ሜሮን።

«እንዴት አይታወቅም? ሞተሩን ማን ሆነና ያሠራው?»

«ግራንድማ፣ እኔ ምን ላድርግ? መቶ ዓመት አልፎታል እኮ።»

ሚስስ ኖራ ምን እንዳልኩ ጠየቁ። ሜሮን ነገረቻቸው። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩትና ወደ ቦርሳቸው መለሱት።

አሁን ወደ ነገሩ እገባለሁ። ቅዳሜ ቀን ቨርጂኒያ ውስጥ የድሮ መኪኖች ዳገት የሚወጡበት ውድድር ነበረ። ሚስስ ኖራ አባታቸው በወጡበት ዳገት ላይ ራሳቸው ሊነዱ ቆርጠዋል። ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋ ተነሳች፤ ገና አምስት ደቂቃ ሳትሠራ «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» ማለት ጀመረች። ግርማ ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረ። ሞተሩ ሲበላሽበት ሦስተኛ ጊዜው ነበር።

ግርማ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነው። አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማረ፣ እዚህም ሃያ ዓመት የሠራ፣ ሲያዩት የሚያኮራ ልጅ። ሁልጊዜ «እማማ» ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ ከባድ ባልዲም አያሸክመኝም። ይህንን የምጽፈው ፍርድ ፍርድ ስለሆነ ነው።

መጥረጊያዬን ገልብጬ የእንጨቱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያዳምጡት። ከፊት ጀመርኩ፣ ወደ መሃል መጣሁ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ።

«ግርማ፣ ልጄ፣ ከሦስቱ ብሮንዚና መካከለኛው ነው የሚጮኸው።»

ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። «እማማ፣ መጥረጊያው ነው የነገረዎት?»

«አዎ። ላንተም ይነግርሃል፤ ና ስማው።»

ሌሎቹም ሳቁ። ግርማ ግን ደክሞት ነበርና መጣ፤ እንጨቱን ጆሮው ላይ አደረገ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩን ከፈቱት፤ መካከለኛው ተቃጥሎ እንደ ቅቤ ቀልጦ ተገኘ።

«እኔ አልገባኝም» አለ ግርማ። «ራሴ አፈሰስኩት፣ በማሽን አስጠረብኩት። ልኩ አንዲት ፀጉር አይዛነፍም።»

«ማሽኑ የሚቆርጠው ልክ ክብ ነው። ዘንጉ ግን ልክ ክብ አይደለም። መቶ ዓመት ሮጧል፤ እንደኔ ጉልበት የራሱ ጥምመት አለው። ጫማ የሚለካው በእግር ነው፣ በማሽን አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ሦስቱንም ትንሽ ወፈር አድርገህ አፍስሳቸው። ከዚያ ለኔ ተወው።»

ግርማ ቆሞ አየኝ። አራት ቀን ቀርቶታል፤ ሌላ መላም አልነበረውም። «እሺ እማማ» አለ።

ማታውኑ ለልጄ ሥራ አለኝ ብዬ ነግሬያት ረቡዕ ጠዋት በሰዓቱ ደረስኩ። ሦስት ቀን መጥረጊያዬ ደርቆ ቆመ። ግርማ ጉብታውን እንድለይበት በቱቦ ያለ ሰማያዊ ቀለም ሰጠኝ፤ እምቢ አልኩ። ሻማ ለኩሼ መስታወት ላይ ጥላሸት ያዝኩና በዘይት ለወስኩት። ዘንጉን በጥላሸቱ በስሱ ትቀባለህ፣ ብሮንዚናው ላይ ታስተኛለህ፣ አንዴ ታዞራለህ፣ ታነሳዋለህ። ብረቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ካረፈ ያ ጉብታ ነው፤ እሱን ብቻ ትፍቃለህ። ደግሞ ትቀባለህ፣ ደግሞ ታዞራለህ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው፤ ለእያንዳንዱ አርባ ሃምሳ ጊዜ ትመላለሳለህ። መጨረሻ ላይ ነጥቡ እንደተበተነ ጥቁር ጤፍ ሁሉንም ቦታ ይሸፍናል። ያኔ ዘንጉና ብሮንዚናው ተዋደዋል ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ቀን መፋቂያው እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ሁለተኛውን ቀን ጣቶቼ አስታወሱ። ከሰዓት በኋላ አንገቴ አልዞር ብሎኝ ሳለ ሜሮን ልትወስደኝ መጣች።

«ግራንድማ፣ ኤጅሽ ይህን አይፈቅድም። ቤት እንሂድ።»

«ዕድሜዬ ምን አገባው? የሚፍቀው እጄ ነው።»

አርብ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጨረስኩ። ሞተሩ ተገጠመ። ግርማ ማኖቬላውን አንዴ አዞረ፣ ሁለቴ አዞረ፤ ተነሳች። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት። «ኳ» የለም። እንደጠገበ ላም ረጋ ብላ ትተነፍሳለች። ግርማ ግንባሬን ሳመኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ የመጣው ነው ነገሩ። ጨርቅ ይዤ እጄን እየጠረግሁ ሳለ ግርማ መጣና፣

«እማማ፣ ነገ ሰሌዳ ላይ ማን ምን እንደሠራ ይጻፋል። የእርስዎን ስም ላስገባ?» አለኝ።

«ኧረ ተወው ልጄ» አልኩ። «ለኔ ለአሮጊቷ ምን ያደርግልኛል!»

ጥፋቴ ይህ ነው። ተግደረደርኩ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ብሉ ስንባል «በቃኝ» የምንለው ጠግበን አይደለም። ጠያቂው «እንዴት ተደርጎ! በሞቴ!» ይላል፣ ደግመን እንግደረደራለን፣ በሦስተኛው እሺ እንላለን። እንዲህ ነው ያደግነው፤ ግርማም እንዲህ ነው ያደገው። ጨርቁን ይዤ «በሞቴን» ጠበቅሁ። እሱ ግን «እሺ እማማ» ብሎ ሄደ።

ያመሸሁት ለራሴ እየነገርኩ ነው፤ ረስቶት ይሆናል፣ ነገ ደግሞ ይጠይቀኛል፣ ወይም ሳይጠይቀኝ አስጽፎ ያስደንቀኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሜሮን ጋር ሄድን። ሜዳው በድሮ መኪና ተሞልቷል፤ ሰዉ እንደ ገበያ ነው። ከመኪናችን ፊት ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል።

«አንብቢልኝ» አልኳት።

ሜሮን አነበበች። «ግራንድማ፣ ያንቺ ስም የለም።»

«ደህና አድርገሽ አንብቢ።»

«አነበብኩ። ብሮንዚናውን በእጅ ፍቆ የገጠመ፦ ግርማ ነው የሚለው። ዛት ኢዝ ክሬዚ! አንቺ አይደለሽ እንዴ የሠራሽው?»

ግርማ የቆዳ ቆብ አድርጎ፣ የአቧራ መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር አጠገብ ቆሟል። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«እማማ! መጡ? እንኳን ደህና…»

«ብሮንዚናውን ማን ፋቀው?»

«እማማ፣ እዚህ ሰው አለ።»

«ሰው ስላለ ነው የምጠይቅህ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ ራስዎ ተወው ብለውኛል። ጠየቅሁዎት፣ አይ አሉ።»

«ሁለተኛ መች ጠየቅኸኝ?»

«እማማ፣ ይሄ አሜሪካ ነው። እዚህ ሰው አይ ካለ አይ ነው።»

«በአማርኛ ጠይቀኸኝ በአሜሪካ ትሰማኛለህ? እናትህ ቤት እንግዳ መጥቶ አንዴ በቃኝ ሲል ሳህኑን ያነሱበታል?»

«ግራንድማ» አለች ሜሮን ክንዴን ይዛ፣ «ኤቭሪባዲ እያየን ነው።»

«ይዩን። የሰረቅሁ እኔ አይደለሁም።»

ሚስስ ኖራ ጓንታቸውን እያጠለቁ መጡና ምን ሆናችሁ አሉ። ሜሮን በእንግሊዝኛ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው፤ እጇን እያወናጨፈች፣ ከኔ የባሰች ተሳዳቢ ሆና። ሚስስ ኖራ ወደ ግርማ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ። ግርማ መሬት መሬት እያየ መለሰ።

«ምን አለ?» አልኩ።

«እሷ ነች የፋቀችው፣ ግን ስሜን አትጻፍ ብላኛለች አለ።»

ሚስስ ኖራ እጄን አነሱና መዳፌን ገልብጠው አዩት። ጥላሸቱ ገና ጥፍሬ ሥር ነበር። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ ተናገሩ፤ ሜሮን ተከትላ አማርኛውን አመጣችው።

«በዚህ ውድድር ሕግ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሞተሩን ያዳነው ሰው ነው ትላለች። አባቷም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ስምሽ እንዲጻፍ ትፈልጊያለሽ? ወንበሩንስ ትፈልጊያለሽ? ትላለች።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከንፈሬ «ኧረ ይቅርብኝ» ሊል ተከፍቶ ነበር። ስልሳ ሰባት ዓመት የለመደ ከንፈር ነው። ግርማም ይህንኑ ይጠብቅ ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ፣ ሳልግደረደር፣

«አዎ» አልኩ። «ሁለቱንም።»

ሜሮን መተርጎም አላስፈለጋትም።

ግርማ ቆቡን አወለቀና ሰጠኝ። ሻሼ ላይ አጠለቅሁት። አንድ ነገር ግን አልክድም፤ አጎንብሶ ፓምፑን አሳየኝ። «ይቺ መርፌ ከቀይዋ መስመር ከወረደች ነዳጅ አይደርስም፣ ሞተሩ ይጠፋል። ዳገቱ መሃል ላይ ነው የሚከብደው። እንዳያቆሙ እማማ።»

ተነሳን። በጋራዡ ውስጥ ረጋ ብላ የምትተነፍሰው ላም ዳገቱን ስታይ በሬ ሆነች። ነፋሱ አፌን ሞላው፤ ሰንሰለቱ ከታች ያጓራል፤ እያንዳንዱ የሲሊንደር ምት ወንበሩን አልፎ ጀርባዬን ይመታኛል። የፓምፑን እጀታ ይዤ እገፋለሁ፣ እስባለሁ፣ ዓይኔ መርፌዋ ላይ ነው። ጆሮዬ ግን ከሥር ነው። መካከለኛውን አዳምጣለሁ። ዝም ብሏል። እንደ ጨዋ ልጅ ዝም ብሏል።

መታጠፊያው ላይ መርፌዋ መውረድ ጀመረች። በአንድ እጄ አልቻልኩም። መያዣውን ለቅቄ በሁለት እጄ ፓምፑ ላይ ተደፋሁ። ሞተሩ አንዴ አሳለ። ሁለቴ አሳለ። ሚስስ ኖራ ደነገጡና እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ሊያነሱ ሲሉ አየሁ። ካነሱ አለቀ፤ በዚያ ዳገት ላይ ቆማ መልሳ አትነሳም። ቋንቋ የለንም። ትከሻቸውን በመዳፌ ጠንከር አድርጌ መታሁና በአማርኛ ጮህኩ፤

«ሂጂ! አለሁልሽ! ሂጂ!»

አንቱታውም ቀረ። እሳቸውም ረገጡት። እኔም ነፋሁ፤ የወፍጮ ቤቱን ማኖቬላ ባዞርኩበት ጉልበት፣ ልጆቼን ባማጥኩበት ጉልበት ነፋሁ። መርፌዋ ቀይዋን መስመር ተሻግራ ወጣች። ሞተሩ ጉሮሮውን ጠረገና አገሳ። ዛፎቹ፣ ሰዉ፣ አጥሩ ሁሉ ወደ ኋላ ፈሰሰ። አንዲት ሴት እልል ስትል ሰማሁ፤ ኋላ ነው እኔው ራሴ መሆኔ የገባኝ።

ጫፍ ላይ ሰዓት የያዘው ሰው ቁጥሩን ጮኾ ተናገረ። ሚስስ ኖራ ከኪሳቸው የአባታቸውን አሮጌ ደብተር አውጥተው አመሳከሩት። አባታቸው በዚያ ዳገት ካስመዘገቡት ምርጥ ሰዓት በአራት ሰከንድ ቀድመን ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ፤ በአቧራው መሃል ዓይናቸው ዙሪያ ብቻ ነጭ ነው። ትከሻዬን በቡጢ መቱኝ፤ የኔን መመለሳቸው ይመስለኛል።

ስንወርድ ሚስስ ኖራ ወፍራም እስክሪብቶ አስመጡና የግርማን ስም ሊሰርዙ ሰሌዳው ጋ ሄዱ። እጃቸውን ያዝኩ።

«አይሰረዝ በያት» አልኳት ሜሮንን። «ብረቱን ያፈሰሰው እሱ ነው። ሰንሰለቱንም ፍሬኑንም የሠራው እሱ ነው። ያፈሰሰ፦ ግርማ ይባል። የፋቀችው፦ ዘነበች ወልዴ። የአባቴም ስም ይግባ፤ መፋቂያውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።»

እንደዚያው ተጻፈ። ግርማ ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ የመኪናዋን መሣሪያ መሰብሰብ ጀመረ።

አሁንም እዚያው ጋራዥ ነኝ፤ መጥረጊያው ግን የሌላ ሰው ነው። ነጭ ብረት ያላቸው አሮጌ ሞተሮች ሲመጡ እኔ እጠራለሁ። የተለወጠው ሥራዬ ብቻ አይደለም። «ሻይ ይጠጣሉ?» ስባል አሁን «አዎ» እላለሁ፤ ሜሮን ትስቃለች፣ ልጄ ታፍራለች። እናንተ የምታነቡኝ እናቶች፣ መግደርደር የሚያምረው «በሞቴ» የሚል ሰው ባለበት ነው። ሁለተኛ የሚጠይቅ በሌለበት ቦታ የገዛ ስማችሁን ለአላፊ አግዳሚ አትመርቁ። እናንተ ወንዶች ልጆቻችንም እናታችሁ «ተወው» ስትላችሁ ፊቷን እዩ። ጆሮ ብቻውን አይበቃም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር። ስሜ ተጽፏል፣ ወንበሩንም አግኝቻለሁ፤ ግን በሌላ ሰው የተጻፈልኝ ከራሱ ከግርማ አፍ እንደሚመጣ አይደለም። ስለዚህ በየጠዋቱ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ እጠይቀዋለሁ።

«ግርማ፣ ተወው ስልህ የእውነቴን መስሎህ ነበር?»

በመጀመሪያው ሳምንት «እማማ፣ ሥራ ላይ ነን» አለኝ። በሁለተኛው «ረስቼዋለሁ» አለ። በሦስተኛው «አሁንም አልለቀቁኝም?» ብሎ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። በአራተኛው ሰላምታም አጠረው። እኔ ግን እንደ መፋቂያ ነኝ፤ ያው ቦታ ላይ እመላለሳለሁ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ገና ሌሎቹ ሳይገቡ፣ ጠየቅሁት። ግርማ ከመኪና ሥር ወጣ። ተነሥቶ ቆመ፤ እጁን ጠረገ፤ ሁለት እጁን ወደፊት አጣምሮ፣ እናቱ ፊት እንደሚቆም ሰው ሆኖ፣ ዓይኔን አየ።

«አውቅ ነበር፣ እማማ» አለኝ። «ሁለተኛ ብጠይቅዎ እሺ እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁዎት።»